የጡንቻ ተመራማሪ እጅና ዓይን፦ ስለ ወጣት ሳይንቲስቶች ሥልጠና

ጡንቻን ማጥናት የጀመረ ወጣት ሳይንቲስት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ውስጥ የትኛው የጡንቻው ጠባይ፣ የትኛው የአዘጋጁ እጅ ውጤት እንደሆነ መለየት ነው። ናሙና በቀጥታ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ሲጣል ናይትሮጅኑ በዙሪያው ይፈላና የጋዝ ሽፋን ይፈጥራል። ሽፋኑ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ስለሚከለክል በጡንቻ ሕዋሳቱ ውስጥ የበረዶ ቅንጣቶች ያድጋሉ። ናሙናው በስሱ ተቆርጦ ሲታይ ሕዋሳቱ በቀዳዳ ተሞልተዋል፤ ያልለመደ ዓይን ይህን በሽታ ነው ሊል ይችላል። በናይትሮጅን የቀዘቀዘ አይሶፔንቴን የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ይህን ማንኛውም የላቦራቶሪ መመሪያ ይናገራል። የበረዶን ቀዳዳ ከሕመም ቀዳዳ መለየት ግን የሚለመደው አንዱን ናሙና ሆን ብሎ አበላሽቶ፣ ከደህናው ጎን አስቀምጦ፣ ከመምህር ጋር ደጋግሞ በማየት ነው። ለዚህ ሰዓት የማይመድብ የዶክትሬት ፕሮግራም ተመራማሪ ያፈራል ብዬ አላምንም።

የዘርፉ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በሃንጋሪ፣ በሴገድ ዩኒቨርሲቲ፣ በአልበርት ሰንት-ጂዮርጂ ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ኢሎና ባንጋ የተፈጨ ጡንቻን በጨው መፍትሔ ዘፍዝፈው አሳደሩት። በአጭር ጊዜ የሚወጣው ማዮሲን የተባለ የጡንቻ ፕሮቲን ቀጭን ፈሳሽ ሲሆን፣ ያደረው ግን ወፍሮ ተገኘ፤ የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ የሆነው ኤቲፒ ሲጨመርበት ደግሞ ቀጠነ። የልዩነቱን ምክንያት የተከታተሉት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት ብሩኖ ሽትራውብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባደረው ውስጥ ሌላ ፕሮቲን መኖሩን አሳዩ፤ ይህም አክቲን ነው። ጡንቻን በአሴቶን አድርቆ አክቲን የማውጣት ዘዴያቸው ዛሬም በላቦራቶሪዎች ይሠራበታል።

ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የሂዩ ሀክስሊና የጂን ሀንሰን መገናኘት ነው። ሀክስሊ ፊዚክስ ተምረው በካምብሪጅ በጆን ኬንድሩ ሥር የጡንቻን ውስጣዊ አቀማመጥ በኤክስሬይ ያጠኑ ነበር። ሀንሰን መነሻቸው ሥነ እንስሳት ሲሆን፣ በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ከጡንቻ የተለዩ ማዮፋይብሪሎችን (ጥቁርና ነጭ ባንድ የሚፈራረቅባቸውን የጡንቻ ሕዋስ ቀጫጭን ክሮች) በፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ይመለከቱ ነበር። ሁለቱም የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥራ ለመማር ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ወደ ፍራንሲስ ሽሚት ላቦራቶሪ ሄደው በ1953 ተገናኙ። ጠንካራ የጨው መፍትሔ በማዮፋይብሪሉ ላይ አፍስሰው ማዮሲኑን ሲያወጡት ጥቁሩ ባንድ ጠፋ፤ የማዮሲን ቦታ በዚህ ታወቀ። በዚያው ዓመት በኔቸር ያሳተሙት ጽሑፍ አወቃቀሩን ብቻ የሚገልጽ ነበር። ጡንቻው ሲያጥርና ሲለጠጥ ጥቁሩ ባንድ ርዝመቱን እንደያዘ፣ የሚጠበውና የሚሰፋው ነጩ እንደሆነ ለክተው፣ የማዮሲንና የአክቲን ዘንጎች እርስ በርስ ይንሸራተታሉ እንጂ አይታጠፉም ያሉት በግንቦት 1954 ነው። አንድሩ ሀክስሊ (የሂዩ ዘመድ አይደሉም) እና ሮልፍ ኒደርገርከ በሌላ መንገድ፣ ባልተነካካ የእንቁራሪት ጡንቻ ክር ላይ ሠርተው፣ በዚያው እትም ተመሳሳይ ድምዳሜ አወጡ።

እዚህ ላይ የሚያስደንቀኝ የሂዩ ሀክስሊና የሀንሰን ሥልጠና መለያየቱ ነው። ኤክስሬይ ብቻውን ቢሆን የትኛው ፕሮቲን የት እንዳለ አይናገርም፤ የብርሃን ማይክሮስኮፕም ዘንጎቹን ነጥሎ አያሳይም። አንዱ የሌላውን ማዘጋጃ በእጁ ሠርቶ ባያይ ኖሮ ክርክሩ በወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

የዛሬው ተማሪ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ያፌና ሳክሰል በ1977 ካስተዋወቁት ከአይጥ ጡንቻ የተገኘ የሕዋስ መስመር ነው። ሕዋሳቱ ሳህኑን እስኪሞሉ ከተተዉ ተዋህደው የጡንቻ ቱቦ የመሥራት ችሎታቸው ይቀንሳል። ይህን ያልተነገረው ተማሪ የሕዋሱን ድካም የመድኃኒቱ ውጤት አድርጎ ሊጽፈው ይችላል።

እንዲህ ያለውን ነገር በእጅ ለመማር ግን ጊዜና ገንዘብ ያስፈልጋል። ሂዩ ሀክስሊ በኮመንዌልዝ ፈንድ፣ ሀንሰን በሮክፌለር ፌሎውሺፕ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ገንዘቡ የተሰጠው ለራሳቸው ትምህርት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ድጎማ ውጤቱ አስቀድሞ ከተጻፈለት ፕሮጀክት ጋር ስለሚታሰር፣ ወጣቱ ሌላ ላቦራቶሪ ገብቶ አዲስ ዘዴ የሚማርበት ወራት ከሥራ መጉደል ይቆጠርበታል። ድጎማ ሰጪዎች ከውሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር ለዚህ ለይተው ቢያስቀምጡ፣ የሪፖርቱንም መጠየቂያ ከጽሑፍ ብዛት ወደ ተማረው የእጅ ሥራ ቢያዞሩ፣ መምህሩም ተማሪውን ለመልቀቅ አይቸገርም።