እስከ ስንት ይዘርጋ? የተዘርጊ ጽሑፍ ታሪክ ከሸገር ከተሞች አንጻር

ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ አዲስ አበባን ከበዋታል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ነዋሪው በአብዛኛው ኦሮምኛም አማርኛም የሚሰማበት አካባቢ ነው። አንድ ማስታወቂያ በሁለቱም ቋንቋ ሲዘጋጅ አንዱ በቁቤ፣ ሌላው በግእዝ ፊደል ይጻፋል። ቁቤ ረጅሙን አናባቢም የሚጠብቀውን ተነባቢም ይደግማል። በግእዝ ፊደል ግን ተነባቢና አናባቢ በአንድ ሆሄ ይጠቃለላሉ፤ መጥበቅም አይጻፍም። ስለዚህ ያው መልእክት በስልክ መስኮት ላይ በአንዱ ጽሕፈት የሚይዘው መስመርና በሌላው የሚይዘው መስመር እኩል አይሆንም።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ማንንም አይጎዳም። «ተጨማሪ አንብብ» የሚለው ቁልፍ ሲነካ ጽሑፉ ቀስ ብሎ ወደ ታች እንዲዘረጋ ሲፈለግ ግን አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ እስከ ስንት ፒክስል? የድረ ገጽ ባለሙያዎች ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ለማግኘት ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመልካም ውሳኔ ነው። የገጽ አቀራረብ ቋንቋ የሆነው ሲኤስኤስ የመጀመሪያ እትሙ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሲጸድቅ፣ የአንድ ሳጥን ቁመት ካልተወሰነ «ኦቶ» እንዲሆን ተደነገገ። ጸሐፊው ቁመቱን አይገምትም፤ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ማለትም አሳሹ፣ የስክሪኑን ስፋት፣ የፊደሉን መጠንና የመስመሩን ክፍተት አይቶ ራሱ ይወስናል። ለብዙ ቋንቋ ዓለም ከዚህ የተሻለ ሕግ አልነበረም። ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1997 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። የግእዝ ፊደል ግን እስከ 1999 ድረስ፣ ማለትም የዩኒኮድ ሦስተኛ እትም እስኪወጣ፣ በዓለም አቀፉ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። አማርኛ በምስል መልክ ይለጠፍ ነበር፤ አለዚያም አንባቢው አስቀድሞ በኮምፒውተሩ ላይ በጫነው ልዩ ፎንት ይነበብ ነበር።

በ1997 የወጡት አራተኛዎቹ የኢንተርኔት ኤክስፕሎረርና የኔትስኬፕ እትሞች ገጹ ከተከፈተ በኋላ ይዘቱን መለወጥ አስቻሉ። ጽሑፍ መደበቅና መግለጥ የተለመደው ያኔ ነው። የሚገለጠው ግን በድንገት ነበር። ከታች ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገፋ አንባቢው የነበረበትን መስመር ይስታል። እንቅስቃሴው ለጌጥ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ዓይን ምን ከየት እንደመጣ እንዲከተል የሚረዳ መሪ ነው።

በ2005 ቶማስ ፉክስ ያወጣው ስክሪፕታኩለስ፣ በ2006 ደግሞ ጆን ሬሲግ ያስተዋወቀው ጄኩዌሪ፣ በጃቫስክሪፕት የተጻፉ የኮድ ስብስቦች፣ ሳጥኑ ቀስ ብሎ እንዲዘረጋ አደረጉ። የጄኩዌሪ አሠራር በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል። መጀመሪያ የጽሑፉን እውነተኛ ቁመት ይለካል። ከዚያ ሳጥኑን ወደ ዜሮ መልሶ በየ13 ሚሊሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ያሳድገዋል፤ በ400 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። በመጨረሻም የጻፈውን ቁጥር አጥፍቶ ቁመቱን ለ«ኦቶ» ይመልሳል። እኔ ከሁሉ የማደንቀው ይህን የመጨረሻ እርምጃ ነው። ስልኩ ቢዞር፣ ፊደሉ ቢተልቅ ጽሑፉ አይቆረጥም። ዕዳው ሌላ ነው፦ ቁመት በተለወጠ ቁጥር አሳሹ ከታች ያለውን ሁሉ እንደገና ማስላት አለበት። አቅሙ ዝቅ ያለ ስልክ በዚህ መሃል ይንተባተባል።

ይህን ሸክም ከጃቫስክሪፕት ለማንሳት በአፕል የሚደገፈው የዌብኪት አሳሽ ሞተር ቡድን በ2007 አኒሜሽንን በሲኤስኤስ ውስጥ አስገባ፤ የሽግግር ደንቡ ረቂቅም በ2009 ወጣ። ከ0 ወደ 300 ፒክስል የሚደረግ ጉዞ ለስላሳ ሆነ። ከ0 ወደ «ኦቶ» የሚደረገው ግን እንደ ድሮው ድንገተኛ ሆኖ ቀረ። አሳሽ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን መንገድ ሊከፋፍል ይችላል፤ «ኦቶ» ግን ስሌቱ እስኪያልቅ ድረስ ቁጥር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ሙያው አቋራጭ ፈለገ። «ማክስ ሃይት» የተባለውን የቁመት ጣሪያ ከዜሮ ወደ አንድ የተገመተ ቁጥር ማሳደግ ተለመደ። ልክ ሳይወስዱ ልብስ እንደመቁረጥ ነው። ይህ ዘዴ በእኛ አገር አንባቢ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት በቂ አልተነገረም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተፈትኖ 500 ፒክስል ይበቃዋል የተባለ ሳጥን፣ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ አማርኛ ሲተረጎም ላይበቃ ይችላል። የግእዝ ሆሄያት እንዳይጨናነቁ ሰፋ ያለ የመስመር ክፍተት ይፈልጋሉ፤ ዓይኑ የደከመ ሰውም ፊደሉን ያተልቃል። ያኔ የመጨረሻዎቹ መስመሮች ከሳጥኑ በታች ተቆርጠው ይቀራሉ፤ መቆረጣቸውንም የሚያሳውቅ ምልክት የለም። ለአገልግሎት የሚያስፈልጉ ሰነዶች ዝርዝር ከሆነ ያልታየው መስመር አንድን ሰው ከሱሉልታ ሁለተኛ ጊዜ ሊያመላልሰው ይችላል። በተቃራኒው ጣሪያው 1000 ሆኖ ጽሑፉ 200 ፒክስል ብቻ ቢሆን፣ ሲዘጋ ከጉዞው አራት አምስተኛው ምንም ሳይታይ ያልፋል፤ ተጠቃሚውም ስልኩ የተበላሸ መስሎት ቁልፉን ደግሞ ይነካል።

መለካትም ራሱ ወጥመድ አለው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት ከኢንተርኔት ዘግይቶ ሲደርስ፣ በጊዜያዊው ፎንት የተለካው ቁመት ስህተት ይሆናል። በ2011 ከትዊተር የወጣው ቡትስትራፕ የተባለ የድረ ገጽ መሥሪያ ስብስብ ለካ፣ አንቀሳቀሰ፣ መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ለቀቀ፤ በእሱ የሠሩ ብዙዎች ከዚህ አደጋ ተርፈዋል።

ችግሩ ለሚያይ ሰው ብቻ አይደለም፤ ስለ ሰበታ ሲነሳ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቷ መነሳት አለበት። ስልክን በድምፅ አንባቢ የሚጠቀም ሰው ቁመቱ ዜሮ የሆነ ሳጥን ተዘግቷል ብሎ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ድምፅ አንባቢው የተደበቀውን ሁሉ ማንበቡን ይቀጥላል፣ በውስጡ ያሉት ማገናኛዎችም ይደረስባቸዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ሲዘጋ ከእይታም ከድምፅም መውጣት አለበት፤ ቁልፉም ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን መናገር አለበት። በ2014 የጸደቀው አሪያ የተባለው የተደራሽነት ደንብ ለዚህ ምልክት ሰጥቷል። «ዲቴይልስ» የተባለው የኤችቲኤምኤል አካል ደግሞ ያለ አንዳች ተጨማሪ ኮድ ይህን ያደርጋል፤ ክሮም በ2011፣ ፋየርፎክስ በ2016 ተቀብለውታል። ከ2017 ጀምሮም እንቅስቃሴ የሚያዞራቸው ሰዎች በስልካቸው ላይ «እንቅስቃሴ ይቀነስልኝ» ብለው መምረጣቸውን ድረ ገጹ ሊያውቅላቸው ይችላል።

ከረጅም ጊዜ በኋላ መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው «ግሪድ» በተባለው የገጽ አቀማመጥ ስልት ውስጥ ረድፍን ከዜሮ ክፍልፋይ ወደ አንድ ክፍልፋይ ማሳደግ ነው፤ በ2022 ክሮምና ሳፋሪ ሲጨመሩ በዋናዎቹ አሳሾች ሁሉ የሚሠራ ሆነ። ሁለተኛው ወደ ጥያቄው ሥር የገባ ነው። በመስከረም 2024 ክሮም 129 «ኢንተርፖሌት ሳይዝ» የተባለውን መመሪያ ይዞ ወጣ፤ በአንድ መስመር ከ0 ወደ «ኦቶ» በለስላሳ እንቅስቃሴ መሄድ ተቻለ። መመሪያው ካልተጻፈ አይሠራም፤ በራሱ ቢሠራ በድንገት መከፈትን ታሳቢ አድርገው የተሠሩ አሮጌ ገጾች ይበላሹ ነበርና። በዚያው ዓመት ኅዳር ክሮም 131 የ«ዲቴይልስ»ን ውስጣዊ ይዘት ማንቀሳቀስ ፈቀደ። መመሪያውን የማያውቅ አሳሽ ጽሑፉን ያለ እንቅስቃሴ ይከፍተዋል፤ ከመልእክቱ የሚጠፋ ነገር የለም።

በእኔ ፍርድ ለእኛ ከተሞች ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ ቁመቱን ለአሳሹ መተው፣ እንቅስቃሴውን እንደ ተጨማሪ መያዝ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ድረ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ያላችሁን ረጅሙን የኦሮምኛና የአማርኛ ጽሑፍ አስገቡበት፤ ፊደሉን አተልቃችሁ በርካሽ ስልክ ክፈቱት፤ ድምፅ አንባቢውንም አብሩና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አዳምጡት።