ዩኒፎርም ያልለበሰው አሰልጣኝ

ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክ የቤዝቦል ታሪክ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ጨዋታ አናውቀውም፤ እኔም ሕጉን በሙሉ አውቃለሁ ብዬ አልዋሽም። ለዛሬው የሚያስፈልገን ግን ጥቂት ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ የመታው ሰው ቤዝ የሚባሉትን አራት ማዕዘኖች ሮጦ ከዞረ ነጥብ ይቆጠርለታል። የቀረው የሰው ልብ ጉዳይ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1947 ነው (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ ቦታው በኒው ዮርክ ከተማ የብሩክሊን ሰፈር፤ ቡድኑ ብሩክሊን ዶጀርስ። በዚያን ጊዜ ትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ ጥቁር ተጫዋች ካላየ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የሚከለክል የተጻፈ ሕግ አልነበረም። የክለብ ባለቤቶች በልባቸው ተስማምተው ዝም ስላሉ ብቻ በሩ ተዘግቶ ቆየ። እንዲህ ያለውን ዝምታ እኛም በየቤታችን እናውቀዋለን።

የዶጀርስ ፕሬዚዳንት ብራንች ሪኪ ይባላል። ሜቶዲስት ነው፤ የመጀመሪያ ስሙም በጆን ዌስሊ ስም ዌስሊ ነበረ። ለእናቱ በገባው ቃል መሠረት እሑድ ቀን ስታዲየም አይገባም፤ ተጫዋችና አሰልጣኝ በነበረበት ዘመንም ይህን ጠብቋል። በወጣትነቱ የኮሌጅ ቡድን ሲያሰለጥን፣ ቻርልስ ቶማስ የተባለ ጥቁር ተጫዋቹን በኢንዲያና የሚገኝ አንድ ሆቴል አላስገባም ብሎት ነበር። ሪኪ ተከራክሮ በራሱ ክፍል አሳደረው። ያ ልጅ ማታ የእጁን ቆዳ እያሸ ሲያለቅስ ማየቱን ሪኪ እስከ ሽምግልናው ድረስ ይናገረው ነበር።

ሪኪን ግን ቅዱስ አድርጌ አልስለውም። እሑድ ስታዲየም ባይገባም የእሑድ መግቢያ ገንዘብ ወደ ክለቡ ካዝና ይገባ ነበር፤ በዚህ የሚተቹት ሰዎች ሐሰት አልተናገሩም። ጃኪ ሮቢንሰንን ያገኘው ካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ከተባለ የጥቁሮች ክለብ ነው፤ ለዚያ ክለብ አንድ ሳንቲም አልከፈለም። ጥቁር ተጫዋቾች ቡድኑን እንደሚያጠናክሩና ተመልካች እንደሚያመጡም አስልቷል። ጽድቅና ስሌት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሲኖሩ የምንደነግጥ ከሆነ የራሳችንን ልብ ገና አልመረመርንም።

ሪኪ ሮቢንሰንን ቢሮው አስጠርቶ ያነጋገረው ነሐሴ 28 ቀን 1945 ነው። ንግግሩ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ሪኪ አንዴ ተሳዳቢ ተመልካች፣ አንዴ የሚያባርር የሆቴል ሠራተኛ፣ አንዴ የሚማታ ተጫዋች እየሆነ ፈተነው። ከዚያም ጆቫኒ ፓፒኒ የተባለው ጣሊያናዊ ስለ ክርስቶስ ሕይወት የጻፈውን መጽሐፍ ሰጥቶ፣ ጌታ ሌላውን ጉንጭ ስለማዞር ያስተማረውን (ማቴዎስ 5፥39) የሚያብራራውን ክፍል አስነበበው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ቢሰድቡህ፣ ቢመቱህ፣ መልስ ሳትሰጥ ትችላለህ?

ሮቢንሰን በተፈጥሮው ዝምተኛ ሰው አልነበረም። በ1944 የጦር መኮንን ሳለ ቴክሳስ ውስጥ ከአውቶቡስ ወንበሩ ተነስተህ ወደ ኋላ ሂድ ሲባል እምቢ ብሎ በጦር ፍርድ ቤት ተከሷል፤ በነጻም ተለቋል። አማኝ በሆነች እናት እጅ ያደገ፣ በፓሳዴና ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። ቃሉን ሰጠ። በ1946 በሞንትሪያል የታችኛው ሊግ ቡድን ተጫውቶ ከቡድኑ ጋር ዋንጫ አነሳ።

በ1947 የጸደይ ልምምድ ላይ ጥቂት የዶጀርስ ተጫዋቾች ከጥቁር ጋር አንጫወትም የሚል ፊርማ ለማሰባሰብ ተነሱ። ይህን የሰማው አሰልጣኝ ሊዮ ዱሮቸር ቡድኑን በእኩለ ሌሊት ፓናማ ውስጥ አንድ ወጥ ቤት ውስጥ ሰብስቦ፣ ቡድኑን እስካሸነፈለት ድረስ የቆዳ ቀለም እንደማይገደው፣ የማይፈልግ መሄድ እንደሚችል በቁጣ ነገራቸው። ዱሮቸር ተሳዳቢ፣ ቁማር ወዳድ፣ የትዳር ነገሩም የተዘበራረቀ ሰው ነበረ። በዚሁ ምክንያት የብሩክሊን የካቶሊክ ወጣቶች ማኅበር ለልጆች መጥፎ ምሳሌ ነው ብሎ ከክለቡ የልጆች ፕሮግራም ወጥቶ ነበር። ማኅበሩ ስለ ዱሮቸር ጠባይ የተናገረው ልክ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ክርስቲያኖች (ፕሮቴስታንቶችንም ጨምሬ ነው የምናገረው) ስለ አንድ ሰው ፍቺ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ለስድሳ ዓመት ስለተዘጋ በር ግን ድምፃችን አልተሰማም። በዚያች ሌሊት ለፍትሕ የቆመው ቤተ ክርስቲያን የተጸየፈችው ሰው ነበር።

ከዚያ ሚያዝያ 9 ቀን፣ ውድድሩ ሊጀመር ስድስት ቀን ሲቀረው፣ የቤዝቦል ኮሚሽነር ሃፒ ቻንድለር ዱሮቸርን ለአንድ ዓመት አገደው። በማግስቱ ዶጀርስ የሮቢንሰንን መፈረም አስታወቀ። ሚያዝያ 15 ቀን ሮቢንሰን በኤቤትስ ፊልድ ስታዲየም ወደ ሜዳ ሲገባ ቡድኑ አሰልጣኝ አልነበረውም። ሁለቱን ጨዋታዎች ክላይድ ሱክፎርዝ በጊዜያዊነት መራ።

ሪኪ የጠራው በርት ሾተንን ነው። ሾተን የ62 ዓመት ሰው ነው፤ ፍሎሪዳ ተቀምጦ ለክለቡ ተጫዋች ይመለምላል። የሁለቱ ወዳጅነት የቆየ ነበር፤ በ1920ዎቹ ሪኪ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ አሰልጣኝ ሳለ፣ እሑድ እሑድ በእርሱ ፈንታ ቡድኑን የሚመራው ሾተን ነበር። እንግዲህ የሪኪን ሰንበት ያስከበረለት ሰው ነው። ሆኖም በዋና አሰልጣኝነት ስሙ አልገነነም። ፊላደልፊያ ፊሊስን ስድስት ዓመት መርቶ ከሽንፈቱ ድሉ የበዛው በአንዱ ዓመት ብቻ ነው።

ሾተን ሁለተኛ የቡድን ዩኒፎርም ላለመልበስ ወስኖ ነበር። ስለዚህ በሙሉ ልብስና በክራባት፣ አንዳንዴ የቡድኑን ኮፍያ አድርጎ፣ ተቀያሪዎች መካከል ይቀመጥ ነበር። ዩኒፎርም ያልለበሰ ሰው ሜዳ መግባት ስለማይችል ወርዋሪ መቀየር ወይም ከዳኛ ጋር መነጋገር ሲያስፈልግ ረዳቶቹን ይልክ ነበር። ከዱሮቸር ጩኸት በኋላ ይህ ዝምተኛ ሽማግሌ ለብሩክሊን ሰዎች መሳቂያ ሳይሆንባቸው አልቀረም። ሚያዝያ 18 ቀን በመራው የመጀመሪያ ጨዋታ ቡድኑ በጃያንትስ 10 ለ 4 ተሸነፈ። በዚያው ጨዋታ ሮቢንሰን የመጀመሪያውን ሆም ረን መታ።

ከአራት ቀን በኋላ ፊላደልፊያ ፊሊስ ወደ ብሩክሊን መጣ። አሰልጣኙ ቤን ቻፕማን ከተጫዋቾቹ ጋር ሆኖ እዚህ ልጽፈው የማልወደውን ስድብ በሮቢንሰን ላይ አወረደ። ሮቢንሰን በኋላ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ፣ ያ ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ ይልቅ ሊሰብረው ቀርቦ እንደነበር ተናግሯል። ለአፍታ ሁሉን ትቶ፣ አንዱን በጡጫ መትቶ ሊወጣ አስቦ ነበር። አላደረገውም። ብሩክሊን ያን ጨዋታ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ አንዷን ነጥብ ያመጣው ራሱ ሮቢንሰን ነው። በመጨረሻ ከቡድን ጓደኞቹ መካከል ወደ ፊሊስ ጮኾ፣ መልስ መስጠት የሚችል ሰው ስደቡ ያለው ኤዲ ስታንኪ ነበር። ስታንኪ መጀመሪያ ላይ ሮቢንሰንን በደስታ አልተቀበለውም።

በግንቦት ፊላደልፊያ ላይ ሌላ ነገር ሆነ። የጋዜጣው ጩኸት ስለበዛ ሮቢንሰን ከቻፕማን ጋር አንድ ዱላ ይዘው ፎቶግራፍ እንዲነሱ ተጠየቀ። ተነሣ። በሕይወቱ ካደረጋቸው ከባድ ነገሮች አንዱ እንደነበረም ጽፏል።

ይህን ፎቶግራፍ ሳየው ዝም ብዬ አላልፈውም። ተሳዳቢው ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ የተሰደበው ለሰላም ሲባል ፈገግ በል ተባለ። በአገልግሎት ዘመኔ የተበደለውን ሰው ጠርቼ «አንተ ታገሥ» ያልኩባቸው ቀናት ትዝ ይሉኛል፤ በዳዩን ያልጠራሁባቸው ቀናት ማለቴ ነው። ሌላውን ጉንጭ ማዞር ጌታችን ለደቀ መዛሙርቱ የሰጠው ትምህርት ነው፤ እርሱም ኖሮታል። ነገር ግን ያልተመታ ሰው ለተመታው ሰው ሲያነብለት ቃሉ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። ሪኪ ይህ ገብቶት ይሆን? ቢያንስ አንድ ነገር አድርጓል፤ ታገሥ ካለ በኋላ በሩን ከፍቶ፣ ሥራውንም በእጁ ሰጥቶ፣ ለስድቡ የራሱንም ስም አቅርቧል። ዝምታው ደግሞ ለዘላለም አልነበረም። በ1949 ሮቢንሰን ከቃሉ ነጻ ሆኖ መልስ መስጠት ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ወደ ሾተን ልመለስ። በሚያዝያ መጨረሻ ሮቢንሰን በተከታታይ 20 ጊዜ ለመምታት ቆሞ አንዴም አልተሳካለትም። ትከሻውንም ያመው ነበር። ተቺዎቹ የሚጠብቁት ይህን ነው፤ አዲሱ አሰልጣኝ እርሱን ቢያስቀምጠው ማንም አይወቅሰውም ነበር። ሾተን አላስቀመጠውም። ንግግር አላደረገም፣ ለጋዜጣ መግለጫ አልሰጠም፤ በማግስቱ ስሙን እንደገና በዝርዝሩ ላይ ጻፈ፣ በሚቀጥለውም ቀን ጻፈ። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ልቤን የሚነካው ይህ ክፍል ነው። የአንድን ሰው ስም በየማለዳው በዝርዝር ላይ መጻፍ ለካ ይህን ያህል ያደርጋል!

በነገራችን ላይ፣ ፒ ዊ ሪስ የተባለው የቡድኑ ነጭ ተጫዋች በሲንሲናቲ በተሳዳቢ ሕዝብ ፊት ሮቢንሰንን ትከሻውን አቅፎ ቆመ የሚባለውን ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ከመድረክ ተናግሬዋለሁ። ነገር ግን በዚያ ዓመት ጋዜጦች ላይ የተጻፈ ማስረጃ ስላልተገኘለት የታሪክ አጥኚዎች በ1947 መሆኑን ይጠራጠራሉ። የሁለቱ ወዳጅነት እውነት ነው፤ ቀኑን ግን ከእንግዲህ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም።

ዶጀርስ 94 አሸንፎ 60 ተሸንፎ፣ ካርዲናልስን በአምስት ጨዋታ ቀድሞ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ሮቢንሰን 151 ጨዋታ ተጫወተ፣ 125 ነጥብ አስቆጠረ፣ 29 ቤዝ በመስረቅ ከሊጉ አንደኛ ሆነ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ተባለ። ከቡድኑ ልውጣ ብሎ በደብዳቤ ጠይቆ የነበረው ዲክሲ ዎከር ዓመቱን ሙሉ አብሮት ተጫውቶ ዋንጫውን አብሮት አነሳ፤ በታኅሣሥ በልውውጥ ወደ ፒትስበርግ ተዛወረ።

የፍጻሜው ውድድር ከያንኪስ ጋር ነበር። በአራተኛው ጨዋታ የያንኪስ ወርዋሪ ቢል ቤቨንስ ለብሩክሊን አንድም ንጹሕ ምት ሳይፈቅድ እስከ መጨረሻው ደረሰ። አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል፤ ውጤቱ 2 ለ 1 ነው። ሾተን ስታንኪን አስቀምጦ ኩኪ ላቫጌቶን አስገባ። ላቫጌቶ 34 ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ እያለቀ ያለ ተቀያሪ። ኳሱን ከቀኝ ሜዳ አጥር ጋር አላተመው፤ ሁለት ሰው ገባ፤ ብሩክሊን 3 ለ 2 አሸነፈ። በዚያ ጨዋታ ብሩክሊን ያገኘው ምት እርሱ ብቻ ነበር። ሆኖም ያንኪስ ሰባተኛውን ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

በ1948 ዱሮቸር እገዳውን ጨርሶ ተመለሰ፤ ሾተንም ቦታውን ለቀቀለት። በዚያው ዓመት አጋማሽ ዱሮቸር ወደ ጃያንትስ ሲሄድ ሾተን እንደገና ተጠራ፣ በ1949ም ቡድኑን ለሊጉ ዋንጫ አበቃ። ሪኪ በ1950 ከክለቡ ሲወጣ የሾተንም ሥራ አበቃ፤ ወደ ፍሎሪዳ ተመለሰ።

ሮቢንሰን ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ የገባው ሐምሌ 23 ቀን 1962 ነው። በመድረኩ ላይ ሦስት ሰዎችን አብረውት እንዲቆሙ ጠራ፤ እናቱን፣ ሚስቱንና ብራንች ሪኪን። በርት ሾተን በስድስተኛው ቀን ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈ፤ 77 ዓመቱ ነበር።