የአበቅቴ 11 ከወዴት መጣ?

በ1919 ዓ.ም. ባረፉት በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም የተጠራውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ መርካቶ የሚያልፍ ሰው የሰዓት ሻጭ አያጣም። ከተደረደሩት ሰዓቶች አንዱን አንሥተን ብንጠይቅ፦ በ12 ሰዓት ውስጥ የደቂቃው ቆጣሪ የሰዓቱን ቆጣሪ ስንት ጊዜ ይደርስበታል? ብዙዎቻችን 12 ጊዜ እንላለን። መልሱ ግን 11 ነው። ፈጣኑ 12 ጊዜ ሲዞር ዘገምተኛውም አንድ ዙር ሄዷልና፣ የሚገናኙት በዙሮቻቸው ልዩነት ልክ ነው። ይህ 11 ከአበቅቴ 11 ጋር መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው፤ ሕጉ ግን ለሰማይም ያገለግላል።

ጨረቃ በከዋክብት መካከል ዙሯን በ27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ትፈጽማለች። ይሁን እንጂ ከአንዱ ሠርቀ ወርኅ እስከ ሌላው 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። ከምድር ሆነን ስናይ ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ስትሄድ፣ ፀሐይም በዚያው አቅጣጫ አንድ ዲግሪ ያህል ትራመዳለችና፣ ጨረቃ ፀሐይን ለመድረስ ከሁለት ቀን በላይ መጨመር አለባት።

ሊቃውንቱ ይህን ልዩነት በዲግሪ ሳይሆን በቀን ቈጠሩት። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ ትርፉ 11 ጥንተ አበቅቴ ይባላል። ግሪካዊው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር እንደሚተካከል አስታውቆ ነበር። በዚህ ዘመን ጨረቃ 254 ጊዜ ስትዞር ፀሐይ 19 ጊዜ ትዞራለች፤ ልዩነቱ 235 ነው። የሰዓቱ ሕግ እነሆ! በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ የሚሰጠው ባሕረ ሐሳብም የቆመው በዚሁ 19 ዓመት ላይ ነው።

የ2017 ዓ.ም.ን እንመልከት። 5500 ሲደመርበት 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1። 11 በ19 ሲባዛ 209፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ።

በ19 ዓመት የሚጠራቀመው ትርፍም 209 እንጂ 210 አይደለም፤ ሰባት ሙሉ ወር ለመሆን አንድ ቀን ይጎድለዋል። ስለዚህ ወንበሩ ከ18 ወደ ባዶ ሲመለስ፣ አበቅቴው 29 ይሆናል ሲባል ባዶ ይሆናል፤ የጎደለችውም ቀን በዚህ ትሞላለች። እንዲህም ሆኖ የሰማይዋ ጨረቃና የሐሳቧ ጨረቃ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይለያያሉ።

አንዳንዶቻችን ባሕረ ሐሳብን በቃል የሚጠና ልማድ ብቻ አድርገን እናየዋለን። ነገር ግን የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበት ይህ 11፣ በክብ መንገድ የሚሽቀዳደሙ የሁለት ብርሃናት ፍጥነት ልዩነት ነው። ከየኔታ ፊት የተቀመጠ ተማሪና በፊዚክስ ክፍል የተቀመጠ ተማሪ የሚያሰሉት አንድን ነገር ነውና፣ አንዱ ሌላውን ሊንቅ አይገባውም።