እውቀትን በበይነ መረብ መሸጥ፦ ከቀረጻው በፊት መልስ የሚሹ ጥያቄዎች

በአዲስ አበባ የሂሳብ ሠራተኛ በሚፈልጉ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ አንድ መስፈርት ደጋግሞ ይታያል፦ የፒችትሪ ችሎታ። አምራቹ የሂሳብ ሶፍትዌሩን ስም ወደ ሴጅ 50 ከለወጠ ከአሥር ዓመታት በላይ ቢያልፉም፣ በኢትዮጵያ ዛሬም በቀድሞ ስሙ ይታወቃል። በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ማስተማሪያዎች ብዙ ናቸው። የኢትዮጵያን 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ በሶፍትዌሩ እንዴት መመዝገብ እንደሚቻል በአማርኛ ለሚጠይቅ ጀማሪ ግን ብዙም አይረዱትም።

እንዲህ ያለውን ክፍተት የሚያውቅ ባለሙያ ትምህርቱን አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ ደጋግሞ ሊሸጠው ይችላል። የቪዲዮ ኮርስ፣ የድምፅ ትምህርት፣ በፒዲኤፍ የቀረበ መመሪያ ወይም ለሥራ ዝግጁ የሆነ የኤክሴል ቅጽ ሁሉም የዚህ ዓይነት ምርቶች ናቸው። መጋዘን አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ተጨማሪ ቅጂ ለማድረስ የሚወጣው ወጪም እጅግ አነስተኛ ነው።

ይሁን እንጂ ብዙዎች ሥራውን የሚጀምሩት ካሜራ በመግዛት ነው። አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ገዢው ማን ነው፣ ገንዘቡስ በየት በኩል ይደርሳል የሚለው ነው።

ለማን፣ ምን ለማስቻል?

"የሂሳብ አያያዝ ትምህርት" የሚለው ርዕስ ሰፊ ነው። "የአንድ አነስተኛ ሱቅን የወር ሂሳብ በፒችትሪ መዝጋት" የሚለው ግን ተማሪው በመጨረሻ ምን መሥራት እንደሚችል ይናገራል። ገዢም የሚከፍለው ለዚህ ውጤት ነው።

ርዕሱን ለመፈተን ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ከቀረጻው በፊት ከአምስት እስከ አሥር ለሚሆኑ ሰዎች አንዱን ክፍል በቴሌግራም ወይም በዙም በቀጥታ ማስተማር ይቻላል። ተማሪዎቹ ግራ የተጋቡበት ቦታና ደጋግመው ያነሷቸው ጥያቄዎች የኮርሱን ማውጫ ይሠራሉ። ለዚህ ሙከራ ጥቂት ብር እንኳ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ ሰው ካልተገኘ፣ ርዕሱን እንደገና መመርመር የወራት ድካም ያተርፋል።

ገንዘቡ በየት በኩል ይመጣል?

በኬንያ ኤም-ፔሳ ሥራ ከጀመረበት እአአ 2007 ወዲህ በስልክ መክፈል የዕለት ተዕለት ልማድ ሆኗል። በኢትዮጵያ ቴሌብር እአአ በግንቦት 2021፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2023 አገልግሎት ጀምረዋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላለ ገዢ አመቺው መንገድ ይኸው ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው አማርኛ ተናጋሪ ግን በባንክ ካርድ መክፈል ይፈልጋል። ለሁለቱ ገዢዎች ሁለት የክፍያ መንገድ ማዘጋጀት ግድ ይላል።

ዓለም አቀፍ የኮርስ መሸጫዎች ካርድ ይቀበላሉ፤ ድርሻቸውን ግን ይወስዳሉ። እአአ በ2010 የተመሠረተው ዩደሚ፣ ተማሪው ኮርሱን በመድረኩ በኩል ፈልጎ ከገዛ ለአስተማሪው ከተጣራው ሽያጭ 37 በመቶ ይከፍላል። ገዢው በአስተማሪው ኩፖን ከመጣ ግን የአስተማሪው ድርሻ 97 በመቶ ነው። ከተጣራ የ20 ዶላር ሽያጭ አንዱ 7 ዶላር ከ40 ሳንቲም፣ ሌላው 19 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያስገኛል ማለት ነው። ልዩነቱ ገዢውን ያመጣው ማን ነው በሚለው ላይ የተመሠረተ ነው።

ከመመዝገብ በፊት መድረኩ ገንዘቡን ወደ አስተማሪው አገር እንዴት እንደሚልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በብዙ ድረ ገጾች ጥቅም ላይ የሚውለው ስትራይፕ በኢትዮጵያ የተመዘገቡ ነጋዴዎችን አይቀበልም። አንዳንዶች በውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ስም ሂሳብ ይከፍታሉ። በዚህ ጊዜ በሕግ ፊት ሻጭ ሆኖ የሚታየው፣ ግብሩንም የሚጠየቀው ዘመድየው ሊሆን ይችላል። ጉዳዩን በጽሑፍ ሳይስማሙ መጀመር ገንዘብንም ዝምድናንም ለአደጋ ያጋልጣል።

የገዢው ስልክና የኢንተርኔት ጥቅል

በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚፈጅ ድምፅ ግን 29 ሜጋባይት ገደማ ብቻ ነው። የሦስት ሰዓት ኮርስ በቪዲዮ 1.35 ጊጋባይት ይሆናል፤ በድምፅ ግን 90 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። በእጅ የሚሠራውን በአጭር ቪዲዮ አሳይቶ ማብራሪያውን በድምፅና በጽሑፍ ማቅረብ የገዢውን ወጪ ይቀንሳል።

ጽሑፉ በዩኒኮድ የግዕዝ ፊደል መከተብ ይኖርበታል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ዓይነቶች የተጻፈ አማርኛ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በቃል ፍለጋም አይገኝም።

የቅጅ መብትና ግብር

በኢትዮጵያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአዘጋጁን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። ጥበቃው ሐሳቡን ሳይሆን ሐሳቡ የቀረበበትን መልክ የሚመለከት ነው። ማንም ፒችትሪን ማስተማር ይችላል፤ የሌላውን ቪዲዮ ገልብጦ መሸጥ ግን አይችልም። ያም ሆኖ አንድ ፋይል በቴሌግራም በደቂቃዎች ውስጥ ይሰራጫል። በየገጹ የገዢውን ስም ማስፈር ስርጭቱን ሙሉ በሙሉ ባያስቆምም፣ ፋይሉ ከማን እጅ እንደወጣ ለማወቅ ይረዳል።

ገቢው ከግብር ነፃ አይደለም። ኬንያ እአአ በ2023 ባወጣችው የፋይናንስ ሕግ በዲጂታል ይዘት ክፍያ ላይ ለነዋሪዎች የ5 በመቶ ተቀናሽ ግብር ጥላለች። ኢትዮጵያም እአአ በ2025 ባጸደቀችው የገቢ ግብር ማሻሻያ የይዘት ፈጣሪዎችን ገቢ አካታለች።

የተስፋው ልክ

"በአንድ ወር ሥራ ያስይዛል" የሚል ማስታወቂያ ለጊዜው ገዢ ሊስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ሥራ የሚቀጥረው አሠሪው ነው፤ አስተማሪው ሊሰጥ የሚችለው ችሎታ ብቻ ነው። አንዱን ክፍል በነፃ ማሳየት፣ ኮርሱ ለማን እንደማይሆን በግልጽ መጻፍና ገንዘብ የሚመለስበትን ሁኔታ አስቀድሞ ማሳወቅ ገዢው ተረድቶ እንዲወስን ያስችላሉ። ዩደሚ ለአብዛኞቹ ግዢዎች የ30 ቀናት የገንዘብ መመለሻ ጊዜ ይሰጣል። በቴሌብር በቀጥታ የከፈለ ገዢ ግን ይህ ዋስትና የለውም፤ የሚተማመነው በሻጩ ቃል ነው። የአማርኛው ገበያ ጠባብ በመሆኑ የተከፋ ገዢ ወሬው ቶሎ ይዳረሳል፤ የረካውም እንዲሁ።