ሁለት ትእዛዝ በአንድ ሰማይ
እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ በግራንድ ካንየን ላይ ሁለት የመንገደኞች አውሮፕላኖች ተጋጭተው 128 ሰዎች ባለቁ ጊዜ፣ ግጭትን ለመከላከል የአብራሪ ዓይን ብቻ እንደማይበቃ ታወቀ። ከብዙ ዘመን ጥናትም በኋላ፣ አውሮፕላኖች ሲቀራረቡ አንዱን «ውጣ»፣ ሌላውን «ውረድ» የሚል መሣሪያ ተሠራ።

ነገር ግን በ2002 በጀርመን በኡበርሊንገን ሰማይ ላይ የምድሩ ተቆጣጣሪ አንዱን አብራሪ «ውረድ» አለው፤ ወዲያው መሣሪያው «ውጣ» አለው። አብራሪውም የሰውን ቃል ይዞ ወረደ፤ ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያውን ታዝዞ ይወርድ ነበርና ተጋጩ። 71 ነፍስ ጠፋ፤ ብዙዎቹም ተማሪዎች ነበሩ።

መሣሪያው አልተሳሳተም፤ ከጎደሉት ነገሮች አንዱ፣ ከሁለቱ ትእዛዝ የሚቀድመውን በማያሻማ ቃል የሚወስን ዓለም አቀፍ ደንብ ነበር። ኋላም የመሣሪያው ቃል እንዲቀድም ተደነገገ። እንግዲህ የደኅንነት መሣሪያ ስንመርጥ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን፣ በጭንቅ ሰዓት የምንታዘዝለትንም ደንብ አብረን እንመዝን።