አየርና ቤንዚን በራያ ቆላ፦ የካርቡሬተር ሙያ በጎብዬ መስመር

ከወልድያ ተነሥቶ በዶሮ ግብር፣ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦና ወደ አላማጣ የሚዘልቀው መንገድ፣ በሞተር ታሪክ ዓይን ሲታይ፣ በአጭር ርቀት ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ ወርዶ እንደገና ወደ ደጋ የሚወጣ መሆኑ የተለየ ጠባይ ይሰጠዋል። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ቆቦ ወደ 1,470 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ አላማጣን አልፎ የግራ ካሱን ዳገት የጨረሰ ተሽከርካሪ ደግሞ ኮረም ሲገባ 2,500 ሜትር አካባቢ ደርሷል። ይህ መውጣትና መውረድ ለነጋዴና ለአጋሰስ የድካም ጉዳይ ነበር፤ በቤንዚን ለሚሠራ ሞተር ግን የሚስበው አየር ራሱ የሚለወጥበት ጉዳይ ነው። በዚህ መስመር የሞተርን ጉልበት የማውጣት ሙያ ቤንዚኑን ከአካባቢው አየር ጋር በማስማማት ላይ ያተኮረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ካርቡሬተር ቤንዚንን አድቅቆ ከአየር ጋር በመቀላቀል ወደ ሲሊንደር የሚልክ የሞተር ክፍል ነው። የአየር መተላለፊያው መካከሉ ላይ ይጠብባል፤ አየሩ በዚህ ጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ስለሚጨምርና ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ከሥር ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ የተጠራቀመው ቤንዚን በልክ በተበሳ የነሐስ ቀዳዳ ተስቦ ይወጣል። በዕቃዋ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ የቤንዚኑን ከፍታ ይቆጣጠራል፤ ዊልሄልም ማይባክ በጀርመን፣ ዶናት ባንኪና ያኖሽ ቾንካ በሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1893 ያቀረቧቸው ሥራዎች የዚህ አሠራር መነሻ ተደርገው ይቆጠራሉ። አንድ ኪሎ ቤንዚን ምንም ሳይተርፍ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል፤ ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው ግን ቤንዚኑ ከዚህ በመጠኑ ሲበዛ፣ ማለትም አየሩ ወደ 13 ኪሎ ገደማ ሲወርድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው የነሐሱ ቀዳዳ ከፍታን የማያውቅ በመሆኑ ነው። በ1,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በ15 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በ2,500 ሜትር ደግሞ ጉድለቱ ወደ 25 በመቶ ይደርሳል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተሩ የሚስበው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ ለባሕር ጠረፍ አገር የተዘጋጀ ሞተር ቆቦና አላማጣ ባሉበት በራያ ሜዳ ላይ ከልክ በላይ ቤንዚን ይጠጣል፤ ኮረም ላይ ደግሞ ጭራሹን ጥቁር ጭስ ይተፋል። በዚህ ላይ የቆላው ሙቀት አየሩን ይበልጥ ያሳሳዋል።

ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በሞተር ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የመውጣት ሙከራ የተጀመረው በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያ ዓመት ቢድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ያመጣት አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብታ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቀረበች። ራያ ግን ሞተርን በብዛት ያየው በጦርነት በኩል ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከተካሄደው የማይጨው ጦርነት በኋላ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴን የያዘው የጣሊያን ጦር ይህን አገር አቋርጦ ወርዷል፤ ከዚያም በወረራው ዓመታት ከአስመራ ተነሥቶ በማይጨው፣ በኮረም፣ በአላማጣ፣ በቆቦና በወልድያ በኩል ደሴንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ተሠራ።

በዚህ መንገድ የታወቁት እንደ ፊያት 634 ያሉት ከባድ የጭነት መኪኖች በናፍጣ የሚሠሩ ነበሩ። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በፓምፕ ግፊት በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ስለሚረጭ ካርቡሬተር የለውም፤ ስለዚህ የካርቡሬተር ዕውቀት የቆየው በቤንዚን በሚሠሩት ትንንሽ መኪኖች፣ በሞተር ብስክሌቶችና በኋላም በላንድ ሮቨር ዙሪያ ነው። መካኒኩ ዛሬም ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ)፣ ማርሚታ (የጭስ መውጫው ድምፅ ማፈኛ) እና ሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ የሚሠራበት ፍጥነት) እያለ የሚሠራው ከወረራው ዘመን በወረሰው የጣሊያንኛ ቃል ነው።

ሙያውን ከከተማ ጋራዥ አውጥቶ እንደ ጎብዬ ባሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ያስፋፋው ባጃጅ ነው። የዘር ሐረጉ የሚመዘዘውም ከጣሊያን ነው፤ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 አፔ የተባለችውን ባለ ሦስት ጎማ ካወጣ በኋላ፣ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ማምረት ጀመረ። በሌላው ዓለም ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1970 በሦስት ጎማ፣ ሱዙኪ በ1982 በአራት ጎማ ለገበያ ያቀረቧቸው የገጠር ሞተሮች የሚሠሩትን ሥራ፣ በራያ ሜዳ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት ይሠሩታል፤ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ሰውና እህል ወደ ገጠር ቀበሌ ያመላልሳሉ።

በእነዚያ ባለ አራት ጎማ ሞተሮች ዘንድ ለጉልበት ሲባል የአየር ማጣሪያውን ክዳን ማንሳት ወይም ሰፊ ማጣሪያ መግጠም፣ ከዚያም ለገባው ተጨማሪ አየር የሚመጥን ሰፋ ያለ የነሐስ ቀዳዳ መተካት የታወቀ ዘዴ ነው። በራያ ይህን ዘዴ እንዳለ መውሰድ ሁለት ጉዳት ያመጣል። የመጀመሪያው፣ ቀድሞውኑ ቤንዚን የበዛበትን ሞተር በሰፊ ቀዳዳ ማጥገብ ጉልበቱን የሚያፍን መሆኑ ነው፤ ለቆላውም ለደጋውም የሚሻለው፣ በተለይ ለደጋው፣ ጠበብ ያለው ቀዳዳ ነው። ሁለተኛውና የከፋው አቧራ ነው። ማጣሪያው የወጣለት ሞተር ለጥቂት ጊዜ ቀለል ብሎት ይፈተለካል፤ ነገር ግን በበጋ ከማሳና ከጥርጊያ መንገድ የሚነሣው ደቃቅ አፈር ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ፒስተኑንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ይሞርዳል፣ እመቃው ይወርዳል፣ ሞተሩም ዘይት መብላት ይጀምራል። የተገኘው ጉልበት ከነትርፉ የሚመለሰው በሞተር እድሳት ነው። በሊትር ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይጎላል፤ 1 ሊትር ቤንዚን በዚህ ከፍታ ለመንደድ 10,000 ሊትር ያህል አየር ስለሚፈልግ፣ አንድ ባጃጅ በቀን የሚስበው አየርና አብሮት የሚገባው አቧራ ቀላል አይደለም።

እውነተኛው ሙያ የሚታየው በካቻቢቴ (የብሎን መፍቻ) ጫፍ ላይ ነው። መካኒኩ ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ከዚያ የሚኒሞውን ቅልቅል የሚመጥነውን ትንሽ ብሎን ሳያስጨንቅ እስከ መጨረሻው ያጠብቅና አንድ ዙር ተኩል ያህል ይፈታዋል፤ ሞተሩን አስነሥቶም በሩብ ዙር ወዲያና ወዲህ እያደረገ፣ ድምፁ ከፍና ጥርት ብሎ ሳይቆራረጥ የሚሠራበትን ነጥብ በጆሮው ይፈልጋል። ከዚያም ሞተሩ ጭነት ይዞ ከተነዳ በኋላ ካንዴላውን ፈትቶ ያያል፤ ጥላሸት የለበሰ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፣ የነጣ ከሆነ አንሶ ሞተሩ ይግላል፣ የተቆላ ቡና መልክ ከያዘ ልኩ ተገኝቷል። የተደፈነ የነሐስ ቀዳዳን በሽቦ መጎርጎር ግን በዓይን የማይታይ ስፋት ስለሚጨምርና የመመጠኛውን ልክ ስለሚያጠፋ፣ በቤንዚን አጥቦ በአየር መንፋት ብቻ ነው የሚገባው። ይህ ሁሉ በማየት፣ በመስማትና በእጅ የሚለመድ ዕውቀት ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የእጅ ሙያዎች ጋር ተቆጥሮ ሊጻፍለት የሚገባ ነው።

የካርቡሬተር ዘመን በዓለም ገበያ እየተዘጋ ነው። በህንድ እ.ኤ.አ. በ2020 በሥራ ላይ የዋለው ጥብቅ የጭስ ደንብ አዳዲስ ሞተሮችን፣ ባለ ሦስት ጎማዎቹን ጨምሮ፣ ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ወደሚረጭ አሠራር አሸጋግሯቸዋል፤ ይህ አሠራር የአየሩን ግፊት በመለኪያ እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ስለሚመጥን የከፍታው ልዩነት ብሎን አያስነካም። በኢትዮጵያም ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪዎች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ከተከለከለባቸው 38 ዓይነት ዕቃዎች ጋር ተካተው ነበር፤ ይህ ክልከላ በ2016 ዓ.ም. ቢነሣም፣ በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። አዲስ እንደ ልብ በማይገባበት ጊዜ አሮጌው ይጠገናልና፣ በራያ ሜዳ ያሉት ባጃጆች የተበላ ብሎናቸውና የሰፋ ቀዳዳቸው እየተለወጠ፣ ሚኒሞአቸውም በካቻቢቴ እየተስተካከለ አገልግሎታቸውን ቀጥለዋል።