የትምህርት ቤት ፋይሎች ባክአፕ፦ ከመምረጣችን በፊት ምን እንይ?

አንድ የቀድሞ ተማሪ ከአምስት ዓመት በኋላ ትራንስክሪፕት ሊያስወጣ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመጣል። የስኮላርሺፕ ማመልከቻው ቀን ደርሶበታል። ሬጅስትራሩ ኮምፒውተሩን ሲከፍት ሮስተሩ የለም። የወረቀት ማህደር ካለ ጥቂት ቀናት ይፈጃል እንጂ ይገኛል፤ እሱም ከሌለ የአራት ዓመት ልፋት ማስረጃ አጣ ማለት ነው። ባክአፕ ስንመርጥ ይህን ተማሪ እያሰብን ብንመርጥ መልካም ነው። «የጠፋው ፋይል በስንት ሰዓት ይመለሳል? የሚመልሰውስ ማነው?» ብለን እንጀምር።

አንድ ሰርቨርና ከ20 እስከ 40 ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት እናስብ። ቦታውን በብዛት የሚይዙት የምረቃ ቪዲዮዎችና ፎቶዎች ናቸው። ቢጠፉ የሚያስለቅሱት ግን ሮስተሩ፣ የተማሪ መዝገቡ፣ የፈተና ፋይሎቹና የፋይናንሱ የፒችትሪ ዳታ ናቸው፤ እነዚህ ደግሞ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ጊጋባይት ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ለየብቻቸው እንያቸው። ለወሳኞቹ በየቀኑ፣ ለቪዲዮው በወር አንዴ ይበቃል።

ባክአፕ የሚመስሉ ነገር ግን ያልሆኑ ነገሮች አሉ። ሰርቨሩ ላይ ሁለት ዲስክ በሬይድ ማጣመር አንዱ ዲስክ ሲቃጠል ስራ እንዳይቆም ይረዳል፤ ሰው በስህተት ያጠፋው ፎልደር ግን ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ጉግል ድራይቭና ዋንድራይቭም ሲንክ ሲያደርጉ ስህተቱን ጭምር ያስተላልፋሉ። ጉግል ድራይቭ የተሰረዘውን በቅርጫቱ ውስጥ ለ30 ቀን ያቆያል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ፋይል መጥፋቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሴሚስተሩ ሲዘጋ ነው።

ሁልጊዜ የተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት መንገድ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እየተላለፈ፣ የተሰኩ ዲስኮችን ጭምር ቆልፎ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። ያልተሰካ ዲስክ ላይ ግን ቫይረስ ሊደርስ አይችልም።

በዘርፉ የተለመደው መመሪያ «3-2-1» ይባላል፤ በሰፊው ያስተዋወቀው ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶ አንሺ ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ። ሌባ ወይም እሳት ቢሮውን ቢያገኘው የሚተርፈው ሦስተኛው ነው።

ያንን ሦስተኛ ቅጂ ክላውድ ላይ እናድርገው ከማለታችን በፊት ግን ሂሳብ እንስራ። 500 ጊጋባይት ዳታ በሰከንድ 5 ሜጋቢት የመላኪያ ፍጥነት ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ከ9 ቀን በላይ ይወስዳል። መብራትና ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ ክላውድ ጥቂቶቹን ወሳኝ ፋይሎች ብቻ፣ በሌሊት መላክ ይሻላል። የቀረው በሁለት ተለዋዋጭ ዲስክ ይያዝ፦ አንዱ ግቢ ውስጥ ካዝና ውስጥ፣ ሌላው ውጭ፣ በየሳምንቱ ይቀያየሩ። ለትንሽ ትምህርት ቤት ይህ ከውድ ዕቃ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ከሶፍትዌሮቹ ኧርባክአፕ ነፃ ነው፤ በግቢው ኔትወርክ ያሉትን ኮምፒውተሮች ከአንድ ቦታ ሆኖ ይሰበስባል። ቪም ነፃ እትሙ እስከ 10 ማሽን ድረስ ይሰራል። በጀት ያለው ሲኖሎጂን የመሰለ የኔትወርክ ማስቀመጫ ቢገዛ፣ በብዙዎቹ ሞዴሎቹ ላይ ያለ ተጨማሪ የፈቃድ ክፍያ የሚሰራ የባክአፕ ፕሮግራም ያገኛል። የትኛውም ቢመረጥ የቆዩ ቅጂዎችን ለወራት ማቆየት መቻሉን እንጠይቅ። ዩፒኤስ አብሮ ካልተገዛ ግን፣ ባክአፕ እየተጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ ቅጂው ራሱ ሊበላሽ ይችላል።

የተማሪና የወላጅ መረጃ አማና ነው፤ በሀገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከግቢ የሚወጣው ዲስክ በቢትሎከር ወይም በመሰል መንገድ ይቆለፍ። የይለፍ ቃሉና መክፈቻ ቁልፉ በአይቲ ባለሙያው ጭንቅላት ብቻ አይቅር፤ ሰውየው ስራ ሲለቅ ቁልፉም አብሮ ይሄዳል። በታሸገ ፖስታ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ።

ብዙዎች የሚዘሉት ደግሞ ሙከራውን ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት አንድ ባለሙያው በስህተት ዋናውን ዳታ አጠፋበት። ወደ ባክአፑ ሲዞሩ ባዶ ነበር። ለካ የባክአፕ ስራው ሲከሽፍ ኖሯል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም አይደርሱም ነበር። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የስድስቱ ሰዓት ዳታ ግን ቀረ። የሰለጠነ ባለሙያ ያለው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ «ሶፍትዌሩ ስኬታማ ይላል» ብለን መተኛት አንችልም።

ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ አንድ ቀን ይመደብ። ሬጅስትራሩ ያለፈው ዓመት የአንድ ክፍል ሮስተር ይጥራ፤ የአይቲ ባለሙያው ከውጭው ዲስክ ላይ አውጥቶ በሌላ ኮምፒውተር ይክፈተው፤ የወሰደው ደቂቃም ይመዝገብ። ሁለተኛው ዙር ላይ ባለሙያው ዝም ብሎ ይቀመጥና ሌላ ሰው፣ የተጻፈውን መመሪያ ብቻ እያየ፣ ይሞክረው።